ሶስና ክፍት የተወችው መስመር

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው ሰዎች አምስት ነን። ማንም ሾልኮ እንዳያመልጥ በየስማችን ልጥራን። አንደኛ እኔ ነኝ፤ አበራ፣ ማህተም ቀራጭ፣ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወደ ላይ ሲወጣ በጫማ ሰፊና በሰዓት ጠጋኝ መሃል በተሰነቀረች ጠባብ ሱቅ ሠላሳ አራት ዓመት የተቀመጥኩ። ሁለተኛ ባለቤቴ ዘነበች ናት፤ ነፍሷን ይማርና፣ ከእኔ የበለጠ እያወቀች ከእኔ ያነሰ የተናገረች ሴት። ሦስተኛ የበኩር ልጄ ይልማ። አራተኛ ሴት ልጄ ሶስና፤ ከይልማ በአራት ዓመት ታንሳለች። አምስተኛ አቶ ነስሩ፤ ከሱቄ ፊት ለፊት ኬክ ቤት የነበረው፣ ሰው ቅር እንዳይለው ብሎ የማይሆነውን ሁሉ እሺ የሚል ደግ ሰው። ከአምስታችን ሁለታችን በሕይወት አለን፣ ሁለቱ ሞተዋል፣ የአንዱን አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ከምኖርበት ኮንዶሚኒየም ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ፒያሳ ሄጄ ነበር። ሱቄ የነበረበት ቦታ አሁን ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል፤ ንጹሕ ነው፣ መብራት ተተክሎበታል፣ ጎረምሶች ፎቶ ይነሱበታል። ንጽሕናውን አልጠላሁም። ያናደደኝ ሌላ ነው። ድልድዩ አጠገብ መጽሐፍ የዘረጋ አንድ ጢማም ሰውዬ መንገዴን ዘግቶ ሰፊ ደብተር የመሰለ ነገር አስያዘኝ። ገልጬ አየሁት። ከዳር እስከ ዳር በቀጭን ጥቁር መስመር የተሠሩ አበቦች፣ ዓሣዎች፣ ክብ በክብ ውስጥ፣ ክቡ ደግሞ በቅጠል ውስጥ።

«ፋዘር፣ የጭንቀት ነው» አለኝ። «መስመሩን ይዞ ቀለም መቀባት ብቻ። ሙድ ያስተካክላል። ሐኪሞች ራሳቸው ናቸው የሚያዙት።»

ዋጋውን ብጠይቀው ስምንት መቶ ብር አለኝ። ገጾቹን አንድ በአንድ አገላበጥኩ። አንድም ክፍት መስመር የለም፤ ሁሉም ዙሪያውን ተዘግቶ፣ ተቆልፎ፣ ቀለም ሞላኝ ይላል። ሌላ ሰው ዘግቶ የጨረሰውን መስመር በቀለም በመሙላት ሰው ይድናል ብሎ ማን እንደነገረው ጠየቅሁት። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል፣ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየን ጀመር። ሰውዬው ግን የአራዳ ልጅ ነውና ደንገጥም አላለ።

«ፋዘር፣ ሳይገዙት እንዲህ ካደረገዎት፣ ቢገዙት ይሻልዎታል» አለኝ።

የቆሙት ሁሉ ሳቁ። በሌላ ቀን ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን መጽሐፉን ጥዬለት ሄድኩ። በስምንት መቶ ብር የሚሸጡትን ነገር ልጄ በአሥራ አራት ዓመቷ፣ በቆሻሻ ወረቀት ላይ፣ ማንም ሳይነግራት አግኝታው ነበር። ከእጇ ላይ ያጠፋሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ከግልባጩ ነው። በልጅነቴ አንድ አርመናዊ ሽማግሌ ማህተም ቀራጭ ዘንድ ወለል ለመጥረግ ተቀጠርኩ። ማህተም የሚቀረጸው ወረቀቱ ላይ ቀና ብሎ እንዲወጣ ላስቲኩ ላይ ተገልብጦ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሀ ያየሁት ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ነው። ከዚያ ወዲያ ማንም አላስተማረኝም። ከቅጽ ላይ፣ ከግድግዳ ማስታወቂያ ላይ፣ ከሸቀጥ መጠቅለያ ላይ ለቃቅሜ ራሴን አስተማርኩ። ሳያስተምሩት የተማረ ሰው አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ሌላው ሰው ያላወቀውን ሁሉ ስንፍና አድርጎ ያየዋል። ልጆቼን በዚያ ጠባይ አሳደግሁ። ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን የግቢዬን በር እቆልፍ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣ ልጅ ውጭ ይደር ብዬ መወርወሪያውን እጥላለሁ። ይልማ ኳስና ጓደኛ የሚወድ ልጅ ነበርና አንድም ቀን በሰዓቱ ገብቶ አያውቅም፤ ውጭ አድሮም አያውቅም። መወርወሪያውን ቀስ ብላ የምታነሳለት ሶስና እንደነበረች የሰማሁት በጣም ዘግይቼ ነው።

አርመናዊው ሽማግሌ ከፊደል ሌላ አንድ ነገር አስተምሮኛል። በማህተሙ ዳርቻ ዙሪያ እንደ ሐረግ የተጠላለፈ ቀጭን መስመር ይሠራል። መስመሩ ለጌጥ አይደለም፤ አንድ ቦታ ላይ የፀጉር ያህል ክፍተት ይተውበታል። ክፍተቷን የሚያውቋት ቀራጩና ባለማህተሙ ብቻ ናቸው። ማህተሙን አስመስሎ የሚቀርጽ ሌባ ክፍተቷን ሲያይ ስህተት ትመስለውና ይዘጋታል። የሚያዘውም በዚያ ነው። ሁለት ጊዜ ለምስክርነት ተጠርቼ አጉሊ መነጽሬን አድርጌ፣ ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም፣ ሙሉ ነው ብዬ ሰው አሳስሬአለሁ። ይህን ያዙልኝ።

ያን ጊዜ ፒያሳ ማኪያቶ በሃምሳ ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ በስሙኒ ነበር። በሰማያዊና ነጩ ታክሲ ከአምስት ኪሎ ስሙኒ ይከፈላል፤ ከኋላ ሦስት ሰው ይባላል፣ አምስት ይጠቀጠቃል። ሴቶቹ ትከሻው የተወጠረ ጃኬት ያደርጋሉ፣ ወንዶቹ ሸራ ጫማቸውን በኖራ ያነጣሉ። የካሴት ሱቆቹ ድምፅ ማጉያቸውን በር ላይ ይሰቅላሉ፤ በዚህ በኩል ያለው የመለያየት ዘፈን ሲያንጎራጉር፣ በዚያ በኩል ያለው ጭፈራ ይለቅበታል፣ በመሃል የሚያልፈው ሰው ማልቀስም መጨፈርም ያቅተዋል። የእንጨት ሰገነት ያላቸው አሮጌ ቤቶች ነበሩ፤ የጣሪያቸው ጠርዝ እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ። አሁን ፎቶአቸውን በፍሬም አድርገው ሆቴል ውስጥ ይሰቅሉታል። ሲፈርሱ ግን ቆሞ ያለቀሰ አላየሁም፤ እኔም አላለቀስኩም፣ የሱቄን ቆርቆሮ ነበር የማወጣው።

ዘመኑ ወጣቱን ከመንገድ እያፈሱ ጦር ሜዳ የሚወስዱበት ዘመን ነበር። የኖረበት ያውቀዋል፣ ላልኖረበት ቢነግሩትም አይገባውም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሶስና የሂሳብ ደብተሯን አፍንጮ በር ጓደኛዋ ቤት ረስታ መጣች። በማግስቱ ፈተና አለባት። ይልማ ሂድ አምጣልኝ ስትለው ከሰልባጅ ተራ በአሥራ ሁለት ብር የገዛሁለትን ቡናማ ጃኬት ደርቦ ወጣ። ጓደኛዋ ደብተሩን ሰጠችው። አፍንጮ በር ታክሲ መያዣው ጋ ግን የጭነት መኪና ቆሞ ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ ከማሰልጠኛ አንድ ደብዳቤ ደረሰን። ዘነበችና ሶስና በተቀመጡበት ድምፄን ከፍ አድርጌ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ደህና ነኝ ይላል። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይል ነበር፦ «የሶስና ደብተር እኔ ጋ ነው፣ በላስቲክ ጠቅልዬዋለሁ። ስመጣ አመጣላታለሁ። መወርወሪያውን እንዳትረሳ በሏት።» የመጨረሻዋ ነገር የልጆች ጨዋታ መሰለችኝና አልፌያት ደብዳቤውን አጠፍኩ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። መርዶም አልመጣም።

አሁን የምጽፈውን ለቄስ እንኳ አልተናገርኩትም። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሶስና ወጡ ጨው በዛበት አለች። ይልማ ከሄደ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ማንም ስለ ምግብ ጣዕም አውርቶ አያውቅም ነበር። ደሜ ፈላ። «አንቺ አይደለሽ የላክሽው?» አልኳት። ዘነበች እጄን ያዘችኝ፤ ቃሉ ግን ወጥቷል። ሶስና ጉርሻዋን ሳትውጥ ተነስታ ሄደች፣ ከዚያም አራት ወር አልተናገረችም። እህል እምቢ አለች። ፀጉሯ በእፍኝ ይነቀል ጀመር። ጠበል ወሰድናት። ሐኪም ዘንድ ወሰድናት፣ ክኒን ሰጣት፤ ቀኑን ሙሉ አስተኛት እንጂ ምንም አላደረገላትም። ዘነበች ቤት ብቻዋን ልትተዋት ስለፈራች ሱቅ ይዘሃት ዋል አለችኝ። ቦታ የለም ብዬ አጉረመረምኩ። ወሰድኳት።

ማህተም ተቀርጾ ሲያልቅ ወረቀት ላይ ይሞከራል፤ የተሞከረበት ወረቀት ቅርጫት ውስጥ ይጣላል። ሶስና በሁለተኛው ሳምንት ከቅርጫቱ አንዱን አወጣች፣ እስክሪብቶ አነሳች፣ ከማህተሙ ክብ ጠርዝ ተነስታ መስመር ታወጣ ጀመር። መስመሯ እንደ ፀጉር ይቀጥናል። ከአንዱ ሌላው ይወጣል፣ ይጠላለፋል፣ ቅጠል ሲመስል ቆይቶ የጣሪያ ጠርዝ ይሆናል፣ ሰገነት ይሆናል፣ ደረጃ ይሆናል፣ ተመልሶ ሐረግ ይሆናል። ወረቀት አታበላሺ ብዬ ልነጥቃት እጄን ሰደድኩና አቆምኩት። እጇ የእኔ እጅ ነበር፤ ከእኔም ይበልጥ ነበር። ወረቀቱ አንድ ቀን ይወስድባታል። ስታሰምር ትተነፍሳለች፤ እውነቴን ነው፣ ከዚያ በፊት ትተነፍስ እንደሆነ ማወቅ ያቅተኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ነስሩ የላከላትን ቦምቦሊኖ ግማሽ በላች። በአምስተኛው ሳምንት ራሷን ቀና አድርጋ «አባዬ፣ ቀለሙ አለቀ» አለችኝ። በአራት ወር የመጀመሪያዋ ቃል ናት። ሮጬ አራት እስክሪብቶ ገዛሁ። ስመለስ ግን ያልኩት አታባክኚ ነው። ሌላ ነገር ማለት አልችልበትም ነበር።

ዳነች። ክኒን አይደለም፣ እኔም አይደለሁም ያዳንኳት። ትምህርቷን ቀጠለች፣ ፀጉሯ ተመለሰ፤ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ሱቅ ትገባና ታሰምራለች። በእያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ በስተቀኝ ግን መስመሩ ይቋረጣል፣ ግማሽ ጣት የሚሆን ክፍት ቦታ ይቀራል። አላየሁም አልልም፤ አይቻለሁ። ስህተት ነው ብዬ ነው ያየሁት። ጨርሺው እላታለሁ፣ አልቋል ትለኛለች። ሥራ ማጋመስ የማን ልጅ ጠባይ ነው እያልኩ ስንት ቀን ሰበክኋት።

በዓመቱ አንድ ትልቅ ሥራ ሠራች። ከጥምቀት እስከ ክረምት መግቢያ የፈጀ፣ ጠረጴዛ የሚያህል ነጭ ካርቶን ላይ። የፒያሳ ሰገነቶች ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበሩ፤ ከዳር እስከ ዳር በአንድ መስመር የተያያዙ። ነስሩ ሊያየው መጣና ከራሱ ላይ ኮፊያውን አነሳ። በመስታወት አስገብቼ ኬክ ቤቴ ልስቀለው፣ ከእንግዲህም ማኪያቶ ለአንተ በነፃ ነው አለኝ። ሶስናን ጠየቅናት። ጥቂት አሰበችና ይሰቀል አለች፤ በሩ ፊት ለፊት ይሁን ግን፣ የሚገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እሱን እንዲያይ። ይልማ ከነስሩ ቦምቦሊኖ ሳይበላ ፒያሳን አልፎ አያውቅም። ይህን ያኔ አላያያዝኩትም።

ካርቶኑ ለመስታወት ሊሄድ ሲል ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ያቺን ግማሽ ጣት ክፍተት አየኋት። ፒያሳ ሙሉ ሊያየው ነው፣ የአበራ ልጅ ሥራ አትጨርስም ሊባል ነው አልኩ። ቀጭኑን ብዕሬን አነሳሁ። አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። የእሷን እጅ አስመስዬ ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ ገጠምኩት። ሁለት ሰው በዚሁ ጥፋት ያሳሰርኩ ሰው፣ በገዛ ልጄ ሥራ ላይ የአስመሳይ ሥራ ሠራሁ። ኮርቼም ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዘነበች፣ ሶስናና እኔ ክት ልብሳችንን ለብሰን ሄድን። ነስሩ ባንኮኒውን አጽድቶ፣ ለሶስና ከሁሉ ትልቁን ኬክ አስቀምጦ ይጠብቀናል። እሷ ሥዕሉ ሥር ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ግርጌው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ማን ነው የዘጋው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኳት። «ጨረስኩልሽ።»

ነስሩ እንዲያውም አባትሽ ምንኛ ይወድሻል ብሎ ሳቀ። ሶስና ኬኩን ሳትነካ ዞራ ወጣች። በዚያው ቀን እስክሪብቶዎቿን ሰብስባ ለጎረቤት ልጆች ሰጠች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባዬ ቀረና አባባ ሆንኩ፣ አንተ ቀረና እርስዎ ሆንኩ። በልጅነታቸው እርስዎ በሉኝ እያልኩ ስቆጣ ኖሬ ነበርና፣ የፈለግሁትን አገኘሁ።

ዘነበች ናት የነገረችኝ። «ይልማ የሚገባበት ነበር እኮ» አለችኝ። «አንተ ስትቆልፍ እሷ መወርወሪያውን ታነሳለት የለ? እሱን ነው ስታሰምር የኖረችው።»

ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ጮህኩባት።

«መቼ ጠይቀህ?» አለችኝ።

ላስተካክለው እችል ነበር። ለዚህ ነው ይቅርታ የማላደርግለት፤ ለአበራ ማለቴ ነው። ሰኞ ጠዋት ምላጭ በኪሴ ይዤ ነስሩ ዘንድ ገባሁ። መስታወቱን አስወርጄ ያሰመርኳትን ልፍቃት ነበር። ሦስት የቢሮ ሰዎች ሥዕሉ ሥር ቆመው ያደንቃሉ፤ አንዱ እንዴት ተጣርቶ እንዳለቀ ይናገራል። ነስሩ ማኪያቶዬን አቀረበልኝ። ጠጣሁና ወጣሁ። በማግስቱም ጠጣሁ። እንዲህ እያልኩ ልጄን ያጠፋሁበትን መስመር ፊት ለፊት እያየሁ፣ ኬክ ቤቱ እስኪፈርስ ድረስ ስንት ዓመት በነፃ ጠጣሁ። ሶስና ተምራ አስተማሪ ሆነች፣ አገባች፣ ወለደች። በዓመት በዓል ትመጣለች፣ ጉልበቴን ትስማለች፣ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች። ልጆቿ ወረቀት ላይ ሲሞነጫጭሩ ካየች ተነስታ ከክፍሉ ትወጣለች።

ከመጽሐፍ ሻጩ ጋር ተጣልቼ ሱቄ የነበረበት ቦታ ላይ ቆሜ ሳለሁ አንዲት ሴት «ጋሽ አበራ አይደሉ?» አለችኝ። የነስሩ ልጅ ራህማ ናት፤ አሁን ጊዮርጊስ አጠገብ በአነስተኛ ሱቅ ኬክ ትሸጣለች። ቤቱ ሲፈርስ ሥዕሉን አባቷ እንድታስቀምጥ አዟት፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ጠቅልላ አኑራው ነበር። ይውሰዱት አለችኝ። ከዚያ ሳትጠየቅ አንድ ነገር ጨመረችልኝ። ሶስና ትምህርት ቤት ሲለቀቅ፣ እኔ በማልኖርበት ሰዓት፣ ለብዙ ዓመት ኬክ ቤቱ ትመጣ ነበር አለች። ጀርባዋን ለሥዕሉ ሰጥታ ትቀመጣለች፣ ሻይ ታዛለች፣ በሩን ታያለች። የምትጠብቀው ሰው አለ ወይ ብለን አባቴን ስንጠይቀው ዝም በሏት ይለን ነበር አለችኝ።

ቤቴ ወስጄ መስታወቱን አወጣሁ። መነጽሬን አድርጌ ሳየው የእኔ መስመር ወዲያው ታወቀኝ። ከሺህ መስመር ውስጥ ቀጥ ያለው እሱ ብቻ ነው። የእሷ ይተነፍሳል፣ የእኔ ትእዛዝ ነው። ምላጭ ይዤ ሁለት ቀን ፋቅሁ። ካርቶኑ አርጅቷል። ቀለሙ ሲለቅ ካርቶኑም አብሮ ለቀቀ፤ ክፍተቷ የነበረችበት ቦታ ቀዳዳ ሆነ።

ሶስናን ጠራኋትና እሑድ መጣች። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ አሳየኋት። ያሰናዳሁት ንግግር ነበረኝ፣ ጠፋኝ። አጥፍቻለሁ ብቻ አልኩ። በሕይወቴ ለልጅ ብዬው የማላውቅ ቃል ነው። ጣቷን በቀዳዳው ዙሪያ ቀስ አድርጋ አዞረች። ስትናገር ቁጣ አልነበረባትም፤ ቁጣ ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር።

«አባባ፣ አሁንማ ማን ሊገባበት ነው?» አለችኝ።

ካርቶኑን ጠቅልላ በነጠላዋ ሸፈነችና ይዛው ሄደች። ፍሬሙና መስታወቱ እኔ ጋ ቀርተዋል።

ያስከፈለውን እንግዲህ ልደምር። ይልማን ያስከፈለው የሌሎች ሰዎች ጦርነት ነው፤ እሱን በራሴ ላይ አልጽፍም፣ በነሱ ላይ ይጻፍ። ነስሩን የስንት ዓመት ማኪያቶ፣ ያከበረን እየመሰለው። ዘነበችን፣ እስክትሞት ድረስ፣ እኔ ከተኛሁ በኋላ እየተነሳች መወርወሪያውን ማንሳት። ሶስናን አንድ ወንድም፣ አንድ አባት፣ ከዚያ ወዲህ ያላሰመረችበትን ወረቀት ሁሉ። እኔን አባዬ የምትለዋን ልጅ። የሁሉም ድምር ግማሽ ጣት የማይሞላ መስመር ነው፤ በአንድ ደቂቃ የተሰመረ።